ቃል መቼ ዕዳ ይሆናል? ሎርድ ማንስፊልድና የውል ሕግ

ሰው ለሰው የሚሰጠው ቃል ሁሉ በሕግ ፊት አንድ ዓይነት ክብደት የለውም። ወዳጁን እራት ሊጋብዝ ቀጠሮ ይዞ የቀረ ሰው ይታማል እንጂ አይከሰስም። አንድ ሺህ ኩንታል ሲሚንቶ በተወሰነ ቀን ሊያቀርብ ፈርሞ የቀረ ነጋዴ ግን ለደረሰው ጉዳት ኪሣራ ይጠየቃል። ሁለቱም ቃል ሰጥተዋል፤ ሁለቱም ቃላቸውን አጥፈዋል። ታዲያ በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር የቱ ነው? ከአፍ የወጣውን ቃል እንደ ነፋስ ከማለፍ አስቀርቶ ወደ ዕዳ የሚለውጠውስ ምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ ለሕግ ሰዎች ብቻ የሚተው አይደለም። መንገድ የሚቀይስ፣ ግድብ የሚገነባ ወይም መሣሪያ የሚያስመጣ መሐንዲስ ሥራው የሚጀምረው ከመሠረቱ ቁፋሮ ሳይሆን ከውሉ ነው። የቅድሚያ ክፍያው፣ የመያዣ ገንዘቡ፣ የዋስትናው ሰነድ፣ የርክክቡ ሥርዓት ሁሉ በዚህ ጥያቄ ላይ የቆሙ ናቸው። በዚሁ ጥያቄ ላይ ለሠላሳ ሁለት ዓመታት በዳኝነት ወንበር ተቀምጦ የደከመ፣ በብዙው ያሸነፈ፣ በዋናው ነጥብ ግን የተሸነፈ አንድ ሰው ነበር። እርሱም በሎርድ ማንስፊልድ ስም የሚታወቀው ዊልያም መሬይ ነው።

ከስኮን እስከ ለንደን

ዊልያም መሬይ በስኮትላንድ፣ ከፐርዝ ከተማ አጠገብ በሚገኘው የስኮን ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1705 ተወለደ (የኢትዮጵያ ሕግ ከወጣበት ዓመት በስተቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ አምስተኛው የስቶርሞንት ባለማዕርግ ሲሆን፣ የቤተ ሰቡ ስም ከሀብቱ የላቀ ነበር። ከዚህም በላይ ቤተ ሰቡ ከዙፋን ለተወገዱት የስቱዋርት ነገሥታት ያደላ ስለ ነበረ፣ ታላቅ ወንድሙ ጄምስ በስደት ለሚኖረው አልጋ ፈላጊ እስከ ማገልገል ደርሷል። ይህ ዝምድና በኋላ ዘመን ጠላቶቹ በየጊዜው የሚያነሡበት ነቀፌታ ሆኖ ቀረ።

በ1718፣ ገና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በትንሽ ፈረስ ተቀምጦ ወደ ለንደን በመጓዝ በዌስትሚንስተር ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያም በ1723 ወደ ኦክስፎርድ ተሻግሮ በክራይስት ቸርች ኮሌጅ ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ፣ ሊንከንስ ኢን በተባለው የጠበቆች ማኅበር ተመዝግቦ በ1730 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ። በ1738 ሌዲ ኤልዛቤት ፊንችን አገባ፤ ልጅ ግን አልወለዱም።

የመሬይ አስተሳሰብ ከብዙዎቹ የእንግሊዝ ጠበቆች የተለየው በዚህ የትምህርት ዘመን ነው። የእንግሊዝ ሕግ የሚጓዘው ከፍርድ ወደ ፍርድ፣ ቀድሞ የተወሰነውን እየተከተለ ነው። የስኮትላንድ ሕግ ግን ከሮማውያን ሕግ ብዙ የቀዳ በመሆኑ መነሻው አጠቃላይ መርሕ ነው። መሬይ ሁለቱንም ማጥናት ነበረበት፤ ምክንያቱም ጥብቅናውን ያስፋፋው ከስኮትላንድ ወደ ለንደኑ የመሳፍንት ምክር ቤት በሚቀርቡ የይግባኝ ክርክሮች ነበር። በተለይ አንድ ልዩነት መታወቅ ይገባዋል። በስኮትላንድ ሕግ አንድ ሰው ለመገደድ ቆርጦ የሰጠው ቃል በልዋጩ ምንም ባይቀበልበትም ሊያስገድደው ይችላል። በእንግሊዝ ግን ይህ የማይታሰብ ነበር።

በ1742 የመንግሥት ምክትል ጠበቃና የፓርላማ አባል ሆነ። ከ1745ቱ የስቱዋርት ወገኖች ዐመፅ በኋላ በተማረኩት መኳንንት ላይ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ በመከራከር ከቤተ ሰቡ ዝንባሌ መለየቱን በአደባባይ አሳየ። በ1754 የመንግሥት ዋና ጠበቃ፣ በ1756 መጨረሻ ደግሞ የንጉሥ ችሎት ለሚባለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ሆኖ ተሾመ። የማንስፊልድ ሎርድነትን ማዕርግ ያገኘውም በዚያው ጊዜ ነው።

ማኅተም ወይም ልዋጭ

ማንስፊልድ ወንበሩን ሲረከብ የእንግሊዝ ሕግ ቃልን የሚያጸናው በሁለት መንገድ ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ማኅተም ነው። ቃሉ በጽሑፍ ሰፍሮ፣ ታትሞና ለሌላው ወገን ተሰጥቶ እንደሆነ፣ ስለ ምን ተሰጠ ተብሎ ሳይጠየቅ ያስገድዳል። ሁለተኛው መንገድ እንግሊዞች ኮንሲደሬሽን የሚሉት፣ በአማርኛ የቃል ልዋጭ ልንለው የምንችለው ነው። በዚህ መሠረት ማኅተም የሌለው ቃል የሚጸናው ቃል የተገባለት ሰው በልዋጩ አንድ ነገር የሰጠ፣ የሠራ፣ ወይም ሊሰጥና ሊሠራ በበኩሉ ቃል የገባ እንደሆነ ነው። በነጻ የተሰጠ ቃል የስጦታ ቃል ነውና ፍርድ ቤት አይደርስበትም።

ይህ ሥርዓት ጥቅም አልነበረውም ማለት አይደለም። ሰው በሞቅታ ወይም በይሉኝታ የተናገረውን ሁሉ እንዲከፍል ቢገደድ ኑሮ ይከብዳል። ልዋጭ መኖሩ ነገሩ ጨዋታ ሳይሆን ቁም ነገር እንደ ነበረ ያመለክታል። ችግሩ ያለው ካለፈ ውለታ ላይ ነበር። አንድ ሰው አስቀድሞ ለተደረገለት ነገር በኋላ እከፍላለሁ ቢል፣ ውለታው ከቃሉ በፊት ተፈጽሞ ያለቀ ስለሆነ ልዋጭ አይባልም፤ ቃሉም አይጸናም። ቃል በደብዳቤ ከአገር ወደ አገር በሚተላለፍበት የንግድ ዓለም ይህ ደንብ ብዙ እምነት የሚያፈርስ ነበር።

የነጋዴዎች ችሎት

በዚያን ጊዜ ለንደን የመርከብ፣ የሐዋላና የኢንሹራንስ ገበያ ሆና ነበር። ይሁን እንጂ የንግድ ክርክር ሲነሣ ጉዳዩ በጅምላ ለፍርድ ተመልካቾች ሸንጎ ይቀርብና ይወሰናል፤ ለሚቀጥለው ክርክር መመሪያ የሚሆን ነጥብ እምብዛም አይተርፍም። ማንስፊልድ ይህን ለማረም በጊልድሆል በሚያስችልበት ጊዜ ከነጋዴዎች መካከል የተመረጡ ልዩ ተመልካቾችን እየሰየመ የገበያውን ልማድ ከእነርሱ አጠና። የተማረውንም ልማድ በፍርዱ ውስጥ ወደ ጽኑ ደንብ ለወጠው። ነጋዴ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ሕጉ ምን እንደሚል ሊያውቅ ይገባዋል የሚለው እምነት በፍርዶቹ ሁሉ ይታያል።

በ1760 የቀረበው የሞዘስና የማክፈርላን ክርክር ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ሞዘስ እያንዳንዳቸው ሠላሳ ሺልንግ የሚያወጡ አራት የተስፋ ሰነዶችን በጀርባቸው ፈርሞ ለማክፈርላን አስተላለፈ። ማክፈርላንም በሰነዶቹ ምክንያት ሞዘስን ተጠያቂ ላያደርገው በጽሑፍ ቃል ገባ። በኋላ ግን ቃሉን ጥሶ በትንሽ ፍርድ ቤት ከሰሰው። ያ ፍርድ ቤት ስምምነቱን ለመመልከት ፈቃደኛ ባለመሆኑ ሞዘስ ስድስት ፓውንድ ለመክፈል ተገደደ። ማንስፊልድ ገንዘቡ እንዲመለስለት ፈረደ። ማንም ሰው በሌላው ጉዳት ያለ አግባብ ሊበለጽግ አይገባውም የሚለው መርሕ በእንግሊዝ ሕግ ውስጥ ሰፊ መሠረት ያገኘው በዚህ ፍርድ ነው።

የ1765ቱ ፍርድ

ማንስፊልድ የቃልን ጥያቄ ከሥሩ ያነሣው የሮተርዳም ነጋዴዎች የሆኑት ፒላንስና ሮዝ የለንደኖቹን ቫን ሚሮፕንና ሆፕኪንስን በከሰሱ ጊዜ ነበር። ኋይት የተባለ የአየርላንድ ነጋዴ ከሮተርዳሞቹ 800 ፓውንድ ፈለገ። እነርሱም በለንደን የታወቀ የንግድ ቤት እንዲያስይዝላቸው ጠየቁት፤ የቫን ሚሮፕንና የሆፕኪንስን ስም ሰጣቸው። የሮተርዳም ነጋዴዎች በኋይት በኩል የመጣውን ሐዋላ ካስተናገዱ በኋላ፣ በኋይት ሒሳብ የሚጽፉትን የሐዋላ ወረቀት ይቀበሉ እንደሆነ ለለንደኖቹ በደብዳቤ ጠየቁ። መልሱ እሺ የሚል ነበር። ነገር ግን ወረቀቱ ከመጻፉ በፊት ኋይት ከሰረ። ለንደኖቹም ወዲያው አትጻፉብን አሉ፤ ተጽፎ ሲቀርብላቸውም አንቀበልም አሉ።

ተከሳሾቹ የቆሙት በአሮጌው ደንብ ላይ ነው። ገንዘቡ የወጣው እነርሱ ቃል ከመግባታቸው በፊት ስለሆነ ውለታው ያለፈ ነው፤ ስለዚህ ልዋጭ የለም አሉ። በመጀመሪያው ሸንጎም ረቱ። ማንስፊልድና ባልደረቦቹ ግን ጉዳዩን በ1765 መርምረው አዲስ ክርክር እንዲደረግ ወሰኑ። የማንስፊልድ አሳብ በአጭሩ ሲገለጽ፣ ሕግ ልዋጭን የሚፈልገው ለራሱ ለልዋጩ ሲል ሳይሆን ቃሉ በቁም ነገር መሰጠቱን የሚያስረዳ ማስረጃ እንዲሆን ነው። ቃሉ በጽሑፍ ከሰፈረ ግን ማስረጃው ከጽሑፉ ላይ አለ። ስለዚህ በነጋዴዎች መካከል በጽሑፍ የተሰጠ ቃል ልዋጭ ጎደለው ተብሎ ሊፈርስ አይገባውም።

ይህ ፍርድ እንደ ቀላል የሥነ ሥርዓት ማሻሻያ ሊታይ አይችልም። ጥያቄውን ቃሉን የሰጠው ሰው በልዋጩ ምን አገኘ ከሚለው አውጥቶ፣ ሰውየው ለመገደድ አስቦ ነበር ወይ ወደሚለው የሚያዞር ነበር። የቃል ኃይል የሚመነጨው ከፈቃድ ነው እንደ ማለት ነው።

ድሉ ግን ዕድሜ አላገኘም። በ1778 በራንና በሂውዝ ክርክር ጉዳዩ ወደ መሳፍንት ምክር ቤት ደርሶ ዳኞች ምክር ሲጠየቁ፣ የእንግሊዝ ሕግ የሚያውቀው የታተመ ውልና ያልታተመ ውል ብቻ ነው፤ በሁለቱ መካከል የሚቆም፣ በጽሑፍ በመሆኑ ብቻ የሚጸና ሦስተኛ ዓይነት ውል የለም አሉ። ጽሑፍም ሆነ የቃል ንግግር፣ ማኅተም ከሌለው ልዋጭ ይፈልጋል ተባለ። ማንስፊልድ በ1782 በሆክስና በሳንደርስ ክርክር በሌላ በር ሊገባ ሞከረ። ሰው በኅሊናው ሊከፍለው የሚገባ ዕዳ ካለበትና ይህንኑ ለመክፈል ቃል ከገባ፣ የኅሊናው ግዴታ ራሱ ልዋጭ ይሆናል ሲል አስረዳ። ይህም መንገድ እርሱ ካለፈ በኋላ በ1840 በተሰጠ ፍርድ ተዘጋ።

ተደጋጋፊ ግዴታዎች

በዋናው ነጥብ ቢሸነፍም፣ ማንስፊልድ ለግንባታና ለአቅርቦት ውሎች ዛሬም መሠረት የሆነ ሌላ ሥራ ሠርቷል። በቀድሞው የእንግሊዝ ሕግ ሁለት ሰዎች ቃል ሲለዋወጡ እያንዳንዱ ቃል ለብቻው እንደ ቆመ ምሰሶ ይቆጠር ነበር። ላም ሊሸጥ የተዋዋለ ሰው ላሟን ሳያስረክብ ዋጋውን መጠየቅ ይችል ነበር፤ ገዢውም ላሟን ለማግኘት ሌላ ክስ ማቅረብ ነበረበት።

በ1773 የኪንግስተንና የፕሬስተን ክርክር ቀረበ። አንድ የሐር ጨርቅ ነጋዴ፣ አንድ ወጣት በዓመት 200 ፓውንድ እየተከፈለው ለአንድ ዓመት ከሩብ ካገለገለው በኋላ፣ ንግዱን በግምት ዋጋ ሊያስረክብ ተዋዋለ። ወጣቱ በበኩሉ በየወሩ ለሚከፍለው 250 ፓውንድ በቂ ዋስትና ሊያቀርብ ቃል ገባ። ዋስትናውን ሳያቀርብ ግን ንግዱን አላስረከብከኝም ብሎ ከሰሰ። የእርሱ መከራከሪያ፣ ዋስትናው ለብቻው የሚታይ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ነጋዴው ከፈለገ በተራው ይክሰሰኝ የሚል ነበር።

ማንስፊልድ ግዴታዎችን በሦስት ከፈላቸው። አንዳንዶቹ አንዱ ከሌላው ሳይያያዝ ለየብቻ የሚቆሙ ናቸው። ሌሎቹ አንደኛው አስቀድሞ ካልተፈጸመ ሁለተኛው የማይጠየቅባቸው ናቸው። ሦስተኞቹ በአንድ ጊዜ እጅ በእጅ የሚፈጸሙ ናቸው። አንድ ግዴታ ከየትኛው ክፍል እንደሚመደብ የሚታወቀው በጽሑፉ ላይ ባለው የቃላት አሰካክ ሳይሆን በተዋዋዮቹ ፍላጎትና በነገሩ አካሄድ ነው። የንግዱ ባለቤት ሀብቱን በሙሉ ያለ ዋስትና ለባዶ እጅ ሰው ያስረክባል ብሎ ማሰብ አይቻልም። ስለዚህ ወጣቱ ተረታ። የዋስትና ሰነድ ያላቀረበ ሥራ ተቋራጭ የቅድሚያ ክፍያ ሊጠይቅ እንደማይችል የታወቀ ነው፤ የዚህ አስተሳሰብ አንዱ ጥንታዊ ሥር ከዚያ ከሐር ሱቅ ክርክር ላይ ይገኛል።

በ1777 ደግሞ በቡንና በኤር ክርክር ይህ ደንብ ልኩን አገኘ። ግዴታው የውሉን ሁለመና የሚነካ ከሆነ ጉድለቱ ሌላውን ወገን ከግዴታው ያወጣዋል፤ አንድ ክፍል ብቻ የሚነካ ከሆነ ግን ጉድለቱ በኪሣራ ይካሳል እንጂ ውሉ አይፈርስም አለ። የአንድ በር ቀለም ስለ ጎደለ የሕንፃው ሙሉ ዋጋ አይከለከልም የሚለው የዛሬው ልማድ ከዚህ መርሕ ጋር የሚሄድ ነው።

የውል ወሰን

ነገር ግን የማንስፊልድን ሕይወት ሲያነቡ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የቡንና የኤር ውል ስለ ምን ነበር ቢባል፣ በምዕራብ ሕንድ ደሴቶች ስላለ እርሻና በእርሻው ላይ በባርነት ስለሚሠሩ አፍሪካውያን ነበር። መሐንዲሱና ነጋዴው ዛሬ የሚጠቀሙበት ጥሩ ደንብ የተቀመረው የሰው ልጅ እንደ ዕቃ በተቆጠረበት ሰነድ ላይ ነው።

ማንስፊልድ ከዚህ ጥያቄ ሊሸሽ አልቻለም። በ1771 ጄምስ ሶመርሴት የተባለ አፍሪካዊ በለንደን ከጌታው አምልጦ ተያዘና ወደ ጃማይካ ሊወሰድ በመርከብ ላይ ታሰረ። ጉዳዩ በማንስፊልድ ፊት ቀረበ። ማንስፊልድ ባለጉዳዮቹ እንዲታረቁ ደጋግሞ ቢያሳስብም አልሆነም። በክርክሩ ሂደት የባሪያ ሽያጭ ውል በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ሊታይ እንደሚችል አልካደም፤ ሆኖም የሽያጩን ውል ከሰውየው ነጻነት ለየ። በጁን 22 ቀን 1772 በሰጠው ፍርድ ባርነት እጅግ አስከፊ ስለሆነ በግልጽ ከወጣ ሕግ በቀር በሌላ በምንም ሊደገፍ እንደማይችል፣ እንዲህ ያለ ሕግም በእንግሊዝ እንደሌለ አስታውቆ ሶመርሴትን ለቀቀው። ፍርዱ በቅኝ ግዛቶች የነበረውን ባርነት አላጠፋም፤ ግን ከውል በላይ የሆነ ነገር መኖሩን አሳየ።

በ1783 ግን የዞንግ መርከብ ጉዳይ መጣ። የመርከቧ ሰዎች ከ130 በላይ አፍሪካውያንን ወደ ባሕር ጥለው ገድለዋል፤ ባለቤቶቹ ደግሞ ስለ ጠፋው ጭነት የኢንሹራንስ ገንዘብ ጠየቁ። የማንስፊልድ ችሎት ለባለቤቶቹ የተሰጠውን ውሳኔ ሽሮ አዲስ ክርክር እንዲደረግ አዘዘ፤ ነገር ግን ጉዳዩን ያየው እንደ ኢንሹራንስ ክርክር እንጂ እንደ ነፍስ ግድያ አልነበረም። በዚያው ጊዜ፣ ኬንዉድ በተባለው ቤቱ፣ ከአፍሪካዊት እናት የተወለደች የእኅቱ ልጅ ልጅ ዳይዶ ኤልዛቤት ቤል ከቤተ ሰቡ ጋር አድጋ ትኖር ነበር። በኑዛዜውም ነጻነቷን አረጋግጦ 500 ፓውንድና በየዓመቱ 100 ፓውንድ ተወላት። በቤቱ የነበረው ፍቅርና በችሎቱ የነበረው ጥንቃቄ ሁልጊዜ እኩል አልሄዱም።

የመጨረሻ ዘመኑ

በ1780 በካቶሊኮች ላይ የነበሩ አንዳንድ ገደቦች በመላላታቸው ምክንያት በለንደን ሁከት ተነሣ። ማንስፊልድ ለካቶሊኮች ያደላል ተብሎ ስለ ተጠረጠረ ሕዝቡ በብሉምስበሪ አደባባይ የነበረውን ቤቱን አቃጠለ። እርሱና ባለቤቱ በኋላ በር አምልጠው ሲተርፉ፣ የዕድሜ ልክ መጻሕፍቱና ወረቀቶቹ ዐመድ ሆኑ። በተከታዩ ዓመት የሁከቱ መሪ ነው የተባለው ሎርድ ጆርጅ ጎርደን ለፍርድ ሲቀርብ በችሎቱ ላይ የተቀመጠው ራሱ ማንስፊልድ ነበር። ተከሳሹም በተመልካቾቹ ውሳኔ በነጻ ተለቀቀ።

በ1776 ወደ ኧርልነት ማዕርግ ከፍ ያለው ማንስፊልድ፣ በ1788 ከሥራው ተሰናብቶ ማርች 20 ቀን 1793 በሰማንያ ስምንት ዓመቱ በኬንዉድ ዐረፈ። የተቀበረውም በዌስትሚንስተር ገዳም ነው።

ከእርሱ በኋላ

የእንግሊዝ የሕግ ማሻሻያ ኮሚቴ በ1937 ባቀረበው ሪፖርት፣ በጽሑፍ የሰፈረ ቃል ያለ ልዋጭ እንዲጸና አሳብ አቀረበ። ከ172 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አሳቡ ሕግ ሆኖ ሳይወጣ ቀረ፤ የእንግሊዝ ሕግም እስከ ዛሬ አንድን ቃል በጽሑፍ በመስፈሩ ብቻ ያለ ልዋጭ አያጸናም።

የኢትዮጵያ ሕግ የመጣው በሌላ ጎዳና ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ የውል መሠረቱን ከአውሮፓ ዋና ምድር ሕግጋት ወስዷል። ሕጉ በቁጥር 1678 የውልን መሥፈርቶች ሲዘረዝር፣ ችሎታ ያላቸው ሰዎች ጉድለት የሌለበት ፈቃድ፣ በበቂ የተወሰነ፣ ሊፈጸም የሚችልና ሕጋዊ የሆነ ጉዳይ፣ እንዲሁም ሕግ ካዘዘ ልዩ ፎርም ይጠይቃል። ልዋጭ ግን ከዝርዝሩ የለም። በቁጥር 1731 መሠረትም በሚገባ የተቋቋመ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ ነው። ዋስትና፣ ኢንሹራንስና ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረግ ውል በጽሑፍ እንዲሆን የታዘዘውም ለጥንቃቄና ለማስረጃ ነው። ማንስፊልድ በለንደን ተዋግቶ ያጣው ነጥብ፣ ከእርሱ ሳይቀዳ፣ በአዲስ አበባ የተጻፈ ሕግ ሆኖ ይገኛል። የውሉ ጉዳይ ለሕግ ወይም ለመልካም ጠባይ ተቃራኒ እንደሆነ ውሉ እንደማይጸናም ያው ሕግ ይደነግጋል። ዞንግ ያስነሣው ጥያቄ መልሱን እዚያ ያገኛል።

ስለዚህ በኢትዮጵያ ሕግ በሚገዛ ውል ላይ እጁን የሚያኖር ባለሙያ፣ ምንም አልተቀበልኩበትም ብሎ ከቃሉ ሊያመልጥ አይችልም። የሚያስረው ፈቃዱ ነው። በእንግሊዝ ሕግ በሚገዛ የግዥ ውል ላይ የሚፈርም ከሆነ ደግሞ፣ ዋጋ ሳይጨመር የተሰጠን የጊዜ ማራዘሚያ ወይም የቅናሽ ቃል እንደ ጽኑ ግዴታ ከመቁጠሩ በፊት የ1778ቱን ፍርድ ማሰብ ይኖርበታል። በየትኛውም ሕግ ቢሆን ግን፣ የትኛው ግዴታ በየትኛው ላይ እንደሚያርፍ ለይቶ ሳያውቅ የሚፈርም ሰው፣ የጭነቱን አወራረድ ሳይሰላ ምሰሶ እንደሚያቆም ሰው ነው።